ፒንግ በስልካችሁ፦ ኔትወርኩ የቱ ጋ እንደተበጠሰ እንዴት እናውቃለን?

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲው አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶኮፒ ቤት አለች። ተማሪው ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል፣ ባለቤቷ በታብሌታቸው ከፍተው ያትማሉ። አንድ ቀን ሃያ ገጽ ላሳትም ገባሁና ፋይሌን ላክሁ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከኋላዬ አምስት ተማሪ ተሰልፏል።

«ልጄ፣ ፓኬጁን ሁለቴ አሳደግኩት እኮ» አሉኝ። «ብሩ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ግን ያው ነው።»

«እስቲ ታብሌቱን ይስጡኝ፣ እናቴ።»

የፒንግ አፕ ጫንኩና መጀመሪያ የራሳቸውን ራውተር፣ ዋይፋዩን የምትሰጠውን ሳጥን፣ ጠራሁት። ቁጥሮቹ እየተከታተሉ መጡ፦ 4 ሚሊሰከንድ። 5። 412። ዝም። 6። 388። ዝም። ይሄ ሁሉ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ከታብሌቱ እስከ ራውተሩ ያለው ርቀት ቢበዛ ስድስት ሜትር ነው። ራውተሩን ፈልጌ ጓዳ ውስጥ፣ ከብረት መደርደሪያ ጀርባ፣ ወረቀት ተከምሮበት አገኘሁት። አንስተን መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጥነው። እንደገና ጠራሁት፦ 3፣ 2፣ 3፣ 3። ፋይሌ ወዲያው ወረደ።

ሁለቴ ያደገው ፓኬጅ ይህን ችግር ሊፈታው አይችልም ነበር። ችግሩ ፓኬጁ ያለበት ቦታ አልነበረምና። ብዙ ሰው እንዲህ ብሩን ሲያፈስ አያለሁ፣ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ፒንግን በስልክ እንዴት እንደምትጠቀሙበት ከስር ከመሠረቱ ላሳያችሁ።

ፒንግ ምን ያደርጋል?

ግቢ ውስጥ ሆናችሁ ልጁን በስሙ ትጠሩታላችሁ። «አቤት!» እስኪል ያለውን ጊዜ ቁጠሩት። ወዲያው ካለ ቅርብ ነው። ቆይቶ ካለ ወይ ሩቅ ነው፣ ወይ መሃል ላይ ጫጫታ አለ። ዝም ካለ ወይ የለም፣ ወይ አልሰማም፣ ወይ ሰምቶ መመለስ አልፈለገም። ፒንግም ይኸው ነው። ስልካችሁ ትንሽ መልእክት ይልካል፣ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይለካል። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊሰከንድ ነው።

ፕሮግራሙን የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፣ በዲሴምበር 1983 እ.ኤ.አ.። የሚሠራው በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ስሙን የሰጠው በሶናር ድምፅ ነው፤ ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። የሚላከው መልእክትም በሙያው ቋንቋ የኤኮ ጥያቄ ይባላል፣ የሚመለሰው የኤኮ መልስ። የገደል ማሚቶን የሚያውቅ ሰው ፒንግን ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ለዩልኝ። ፒንግ የሚለካው ፍጥነት ሰዎች «ሜጋ» የሚሉት አይደለም። ሜጋው የቧንቧው ስፋት ነው። ፒንግ የሚነግረን ቧንቧውን ስትከፍቱ ውኃው እስኪደርስ ስንት እንደሚቆይ ነው። ሰፊ ቧንቧ ኖሯችሁ ውኃው ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የቪዲዮ ስብሰባ የሚቆራረጥባችሁ፣ የስልክ ጥሪ «ሀሎ፣ ሀሎ» የሚያስብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ በዚህኛው በኩል ነው።

ዝግጅት

አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ውስጥ «ፒንግ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ፊንግ እና ፒንግቱልስ የሚባሉት ለጀማሪ ይመቻሉ። ትእዛዝ መጻፍ የምትወዱ ተርመክስ የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ አፕ መጠቀም ትችላላችሁ፦ ፒንግ የሚለውን ቃል በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ፣ ባዶ ቦታ ትታችሁ፣ ሰረዝና «ሲ» የምትባለዋን ፊደል፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ አድራሻው። ሃያ ጊዜ ጠርቶ ይቆማል። ቁጥሩን ካልሰጣችሁት ግን እስክታስቆሙት ድረስ አያቆምም።

አይፎን የራሱ የፒንግ መሣሪያ የለውም፣ ከአፕ ስቶር መጫን ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። ከአይኦኤስ 14 ወዲህ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት «በአቅራቢያ ባለው ኔትወርክ ላይ ያሉ ዕቃዎችን ላግኝ?» ብሎ ይጠይቃል። እምቢ ካላችሁት ራውተራችሁን ቢጠራው መልስ አያገኝም። ራውተሩ ደህና ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላችኋል። እሺ በሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት ቪፒኤን ከተከፈተ ዝጉ። ቪፒኤን መልእክቱን በሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ አገር፣ አዙሮ ስለሚያመጣው ቁጥሩ የእናንተን መስመር አያሳይም። ዋይፋዩን የምትፈትሹ ከሆነ ደግሞ የሞባይል ዳታን አጥፉ። ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ ሳይነግራችሁ ወደ ዳታ ሊሻገር ይችላል፣ ያኔ የምትለኩት ሌላ ነገር ይሆናል።

ካርድ ይበላብኛል ብላችሁ አትስጉ። አንዱ ጥሪ ደርሶ መልስ 168 ባይት አካባቢ ነው። በየሰከንዱ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ብትጠሩ እንኳ 0.6 ሜጋባይት ቢሆን ነው።

አንደኛ፦ ከቤት ጀምሩ

ሁሌም ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው የምንሄደው። የመጀመሪያው የምንጠራው ራውተሩን ነው።

አድራሻውን ለማግኘት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዋይፋይ የሚለውን ክፈቱ። የተገናኛችሁበትን ስም ዝርዝር ስትከፍቱ አንድሮይድ ላይ «ጌትዌይ»፣ አይፎን ላይ «ራውተር» የሚል ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። በኪስ የሚያዙት ትንንሽ የሞባይል ዋይፋዮች ላይ 192.168.8.1 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አፑ ላይ ጻፉና ሃያ ጊዜ ጥሩ።

ጤነኛ ራውተር በቅርብ ሲጠራ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል። አልፎ አልፎ 40 ወይም 60 ብታዩ አትደንግጡ፤ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋያቸውን ለቅጽበት ያስተኛሉ። የሚያሳስበው እንደ ፎቶኮፒ ቤቷ 300 እና 400 ሲደጋገም፣ ወይም መልስ ሲጠፋ ነው። ያኔ አቅራቢው ጋ መደወል ዋጋ የለውም። ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው።

አሁን ስልኩን ይዛችሁ ተነሱ። ፒንጉ እየጠራ ወደ ራውተሩ ተጠጉ። አንድ ሜትር ላይ 3 ከሆነና ክፍላችሁ ውስጥ 300 ከሆነ መሃል ላይ ያለውን ነገር ተመልከቱ። ብረት ቀንደኛ ጠላት ነው፦ መደርደሪያ፣ ፍሪጅ፣ የቆርቆሮ በር። ግድግዳም ከግድግዳ ይለያል። ፒያሳ አካባቢ በተረፉት የድሮ የድንጋይ ቤቶች አንድ ግድግዳ ብቻ ዋይፋዩን ያደክመዋል። ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ ባሉት ሕንፃዎች ደግሞ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ ነው ሥራውን የሚሠራው። ራውተሩን ከፍ ያለና ገለጥ ያለ ቦታ ላይ፣ በተቻለ መጠን ቤቱ መሃል አድርጉት።

ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁም ቁጥሩ ከዘለለ የጎረቤት ዋይፋይ ሊሆን ይችላል። ኮንዶሚኒየም ወይም ቢሮ የበዛበት ፎቅ ላይ ሃያ ሠላሳ ዋይፋይ ባንድ ድምፅ ይጮኻል። ዋይፋይ በሁለት ዓይነት ሞገድ ይሠራል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚባሉ። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ ቀይሩ። ሰፊ ነው፣ ጫጫታው ያነሰ ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ከ2.4 ያንሳል። 2.4 ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 አንዱን ምረጡ፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ናቸው።

መብራት ሄዶ ከመጣ ለራውተሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት። እስኪነቃ ድረስ የምታዩት ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛ፦ ከደጅ ውጡ

ራውተሩ በደንብ «አቤት» ካለ ቀጥሎ 8.8.8.8ን ጥሩ። ይህ የጉግል የዲኤንኤስ አድራሻ ነው (ዲኤንኤስ ምን እንደሆነ ኋላ እናየዋለን)፣ ለቁጥሩ መቅለል ሲባል ዓለም ሁሉ ለፒንግ ይጠቀምበታል። 1.1.1.1ም ይሆናል፣ እሱ ክላውድፍሌር የሚባለው ኩባንያ ነው። ሁለቱንም መሞከር ጥሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ዝም ካለ ጥፋቱ የእናንተ መስመር ላይሆን ይችላልና።

እዚህ ላይ «ስንት ነው ጥሩ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ በከፊል የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ መልስ 1 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። እኛ ደግሞ ባሕር በር የለንም። ወደ ውጭ የሚሄደው ፋይበር በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጂቡቲ በኩል አልፎ ነው የባሕሩን ገመድ የሚያገኘው። የምትጠሩት ሰርቨር፣ ማለትም መልስ የሚሰጣችሁ ማሽን፣ ፍራንክፈርት ቢሆን ርቀቱ በአየር መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ቢመልስልኝ ብላችሁ መመኘት አይቻልም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ስለዚህ 100ም 150ም ብታዩ መስመሩ ታሟል ማለት አይደለም።

8.8.8.8 ግን አንድ ቦታ ያለ ማሽን አይደለም። ያንኑ ቁጥር የያዙ ብዙ ማሽኖች በዓለም ተበትነዋል፣ መንገዱ ወደ ቀረባችሁ ነው የምትደርሱት። አንዱ አቅራቢ በአንድ አገር፣ ሌላው በሌላ አገር ሊወስዳችሁ ይችላል። ጓደኛችሁ 60 አግኝቶ እናንተ 110 ብታገኙ ገርሟችሁ አትጣሉ። የሚጠቅማችሁ የራሳችሁን መስመር የደህና ቀን ቁጥር ማወቅ ነው። ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነ ዛሬውኑ ለኩና ጻፉት። የከፋ ቀን ሲመጣ የምታነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው።

ለድምፅ ጥሪ አንድ መለኪያ አለ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮም ኅብረት የሚመክረው ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ነው። በፒንግ ደርሶ መልስ ስለሆነ 300 ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ነው ዲያስፖራ ካለ ወንድማችሁ ጋር እየተቋረጣችሁ፣ ሁለታችሁም እኩል እያወራችሁ፣ ሁለታችሁም እኩል ዝም የምትሉት።

መዋዠቅና መጥፋት

አማካዩን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ትንሹንና ትልቁን ነው። ሃያውም 120 ከሆነ መስመሩ ሩቅ ነው፣ ግን ጤነኛ ነው። 60፣ 70፣ 640፣ 65፣ 900 ከሆነ አንድ ነገር እየታፈነ ነው። ስብሰባ የሚያበላሸው ይኼኛው ነው።

ሲዋዥቅ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ጠይቁ። አንድ ሰው ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም እየጫነ ከሆነ፣ ወይም አንድ ስልክ ፎቶዎቹን ራሱ በራሱ ወደ ጉግል እየላከ ከሆነ፣ የመላኪያው መስመር ይሞላል፣ የእናንተ መልእክት ከኋላው ይሰለፋል። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ፒንጉን እያያችሁ ያንን ጭነት አስቁሙት። ቁጥሩ ወዲያው ዝቅ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ።

የጠፋ መልስ ከዘገየ መልስ የበለጠ ይጎዳል። ኢንተርኔት ላይ ዕቃ የሚልክ ሰርቨር መልእክት ሲጠፋበት መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የጠፋውንም እንደገና ይልካል። ስለዚህ ከመቶ ሁለት ሦስት ብቻ ቢጠፋ እንኳ ፋይል ማውረድ ኤሊ ይሆናል። ግን በሃያ ጥሪ አትፍረዱ። ከሃያ አንድ ቢጠፋ 5 በመቶ ይላችኋል፣ ያ ምናልባት የአንድ አፍታ ነገር ነው። መጥፋትን ለመፍረድ መቶ ጊዜ ጥሩ፣ ከሰዓት በኋላ ደግማችሁ ጥሩ።

ሦስተኛ፦ በስም ጥሩ

እስካሁን በቁጥር ነው የጠራነው። አሁን የአንድ የታወቀ ድረ ገጽ ስም ጻፉ፣ ጉግል ራሱ ይሆናል። ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፣ የኔትወርኩ የስልክ ማውጫ በሉት። 8.8.8.8 እየመለሰ ስሙን ስትጽፉ «አንኖውን ሆስት» የሚል ከመጣ መስመሩ ደህና ነው፣ ማውጫው ነው የጠፋው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባል አለ፤ የሆነ ጊዜ ነክታችሁት ከሆነ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ራውተሩንም አንዴ አጥፍቶ ማብራት ይረዳል።

ስሙም ከመለሰ፣ ግን የባንካችሁ ወይም የመሥሪያ ቤታችሁ ገጽ ብቻ ለፒንግ ዝም ካለ «ተበላሸ» ብላችሁ አትደምድሙ። ብዙ ሰርቨሮች ለጥንቃቄ ብለው ለፒንግ እንዳይመልሱ ተደርገው ነው የተዘጋጁት። ሰምቶ መመለስ ያልፈለገው ልጅ ይሄ ነው። ገጹን በብሮውዘር ክፈቱት፣ ከተከፈተ አለ።

ካፌ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ብሮውዘር ክፈቱ። አንዳንዱ ዋይፋይ ስልክ ቁጥር ወይም ኮድ የሚጠይቅ ገጽ አለው፤ እሱን ሳታልፉ ከራውተሩ በቀር ማንም አይመልስላችሁም።

በሞባይል ዳታ ሲሆን

ዋይፋዩን አጥፉና ቀጥታ ከ8.8.8.8 ጀምሩ። እዚህ ቤት ውስጥ ያለ ራውተር የለም። የመጀመሪያውን መልስ አትቁጠሩት፣ ስልኩ ራዲዮውን ከእንቅልፍ እስኪቀሰቅስ ይዘገያል።

ፒንጉ እየሄደ ከላይ ያለችውን ምልክት ተመልከቱ። 4ጂ የነበረው ኤች ወይም ኤች ፕላስ ከሆነ ወደ 3ጂ ወርዷል ማለት ነው፣ ቁጥሩም አብሮ ያድጋል። ስታዲየም አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ሱቅ ላላችሁ ልዩነቱ የደረጃ ነው፣ ቃል በቃል። ደረጃውን እየወጣችሁ ቁጥሩን ተከታተሉት። የክፍያ ስልካችሁን በሩ አጠገብ ማድረግ ብቻ ሊበቃችሁ ይችላል።

መስመሮቹ ሙሉ ሆነው ኔትወርኩ የሚጎተትበትም ጊዜ አለ። መስመሮቹ የሚያሳዩት ምልክቱ ምን ያህል እንደበረታ ነው እንጂ ስንት ሰው እንደተሰለፈበት አይደለም። ደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ቆሞ ፎቶ ለመላክ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ለመለየት አንድ ቦታ ላይ ሆናችሁ በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ለኩ፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ጠዋት 80 ሆኖ ማታ 500 ከሆነ ስልካችሁም አንቴናውም ደህና ነው፣ ሰው በዝቶ ነው። ቀኑን ሙሉ 500 ከሆነ ግን የአውሮፕላን ሞዱን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ሌላ ስልክ ላይ ያንኑ ሲም ካርድ ሞክሩ። ሌላው ስልክ ላይ ካማረ ችግሩ የስልካችሁ ነው።

ስትደውሉ ምን ትላላችሁ?

አቅራቢው ጋ ደውሎ «ኔትወርክ የለም» ማለት ለሰሚውም ለተናጋሪውም አይጠቅምም። እንዲህ በሉ፦ «ራውተሬ በ3 ሚሊሰከንድ ይመልሳል። 8.8.8.8 ከመቶ 18 ይጠፋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው። በኬብልም በዋይፋይም ያው ነው።» ስልኩን ያነሳው ሰው «ራውተርዎን አጥፍተው ያብሩት» ከሚለው ወሬ አልፎ ወደ መስመሩ ለመሄድ ይገደዳል።

ስክሪንሾት ያዙ። አንዲት ጥንቃቄ ግን አለች፦ ስክሪንሾቱ ላይ 20:15 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው። ለቴክኒሻኑ ስትናገሩ በየትኛው ሰዓት እንደምትናገሩ ግልጽ አድርጉ። በዚህች ስድስት ሰዓት የተነሳ የተሳሳተ ሰዓት ሲመረመር አይቻለሁ።

ለፎቶኮፒ ቤቷ ባለቤት ያን ዕለት አንድ ወረቀት ጻፍኩላቸው። ላይኛው መስመር ላይ የራውተሩን ቁጥር፣ ከሥሩ 8.8.8.8። ከፕሪንተሩ በላይ ለጥፈውታል። ባለፈው ሰሞን ማታ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ራውተሩ አቤት ይላል፣ ሁሌም 3 ነው። ውጪው ነው ዝም ያለው።»

«እንግዲያው እኔ ጋ አይደለም እናቴ፣ አቅራቢው ጋ ይደውሉ» አልኳቸው።

«ደውያለሁ እኮ» አሉ። «ነገ ጠዋት እንመጣለን ብለዋል። ላንተ የደወልኩት እንድታውቀው ነው።»